ለ20 የጨረር ቀጠሮ መመላለስ፦ ስለ «ሮድ ቱ ሪከቨሪ» የመኪና አገልግሎት የተሰጠ አስተያየት

በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር «ሮድ ቱ ሪከቨሪ» በሚል ስም ለካንሰር ሕሙማን በነጻ የሚሰጠውን የመመላለሻ አገልግሎት ነው። የምኖረው በሜሪላንድ ግዛት፣ ዊተን ውስጥ ነው፤ ዕድሜዬ 67 ዓመት ሲሆን፣ ባለፈው ዐቢይ ጾም ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ለፕሮስቴት ካንሰር የጨረር ሕክምና ወስጃለሁ። ሕክምናው ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ለአራት ሳምንት፣ በድምሩ 20 ቀጠሮ ነበረው። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱን ኢንሹራንሴ ባዘዘልኝ ቫን፣ አራቱን በሜትሮ ባቡር፣ ሁለቱን የራሴን መኪና እየነዳሁ፣ ሁለቱን በአንድ የሰፈር ልጅ መኪና፣ ዘጠኙን ደግሞ በማኅበሩ በጎ ፈቃደኞች መኪና ተመላልሻለሁ። ስለዚህ የምሰጠው አስተያየት አንዱን መንገድ ከሌላው ጋር እያስተያየሁ የደረስኩበት ነው።

ሕመሙን ያልቀመሰ ሰው «የአርባ ደቂቃ መንገድ ምን ያስቸግራል?» ብሎ ቢጠይቅ አልፈርድበትም፤ እኔም በመጀመሪያው ቀን እንዲሁ አስብ ነበር። ማሽኑ ላይ የሚተኛው ከአሥራ አምስት ደቂቃ ለማይበልጥ ጊዜ ነው፤ ሕመም የለውም፣ መርፌ የለውም፣ ጨረሩ ሲያልፍም አይታወቅም። የቀኑ ሸክም ያለው ከዚያ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው። ምክንያቱን ላስረዳ። ፕሮስቴት የተባለው ዕጢ ከሽንት ፊኛ ሥርና ከአንጀት መጨረሻ ፊት ለፊት ተጣብቆ የሚገኝ በመሆኑ፣ ጨረሩ እርሱን ሲመታ ሁለቱ ጎረቤቶቹ እንዳይጎዱ ታካሚው በየቀኑ ፊኛውን ሞልቶ፣ አንጀቱን ግን ባዶ አድርጎ መተኛት አለበት። የሞላ ፊኛ አብዛኛው ክፍሉ ከጨረሩ መንገድ ይርቃል፤ ትንሹን አንጀትም ወደ ላይ ይገፋዋል። በአየር ወይም በሰገራ የተነፋ አንጀት ግን ፕሮስቴቱን ከቦታው ያንቀሳቅሰዋል። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት በሲቲ ስካን የሚነሳው ምስል የሁሉም ቀናት መለኪያ ስለሆነ፣ ያን ቀን የነበረው የፊኛ መጠን በ20ውም ቀን በተቻለ መጠን እንዲደገም ይፈለጋል። ባለሙያዎቹ በየቀኑ ከጨረሩ በፊት ምስል ያነሱና በዕጢው ውስጥ የተቀበሩትን፣ የሩዝ ፍሬ የማያህሉ ሦስት የወርቅ ምልክቶች ከመጀመሪያው ምስል ጋር ያስተያያሉ። ካልገጠመ ጨረሩ አይለቀቅም።

ለእኔ የተሰጠኝ ትእዛዝ ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀደም ብዬ ሽንት ቤት ሄጄ ፊኛዬን ባዶ እንዳደርግ፣ ወዲያውም 16 አውንስ፣ ማለትም ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ውሃ እንድጠጣና እስክጠራ ድረስ እንድይዝ ነበር። ይህንን በዕድሜው የገፋ፣ ፕሮስቴቱ የታመመ ሰው በመኪና ውስጥ ተቀምጦ ሲፈጽመው ምን ማለት እንደሆነ ያሰበ መርሐ ግብር አውጪ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ለዚህ ሕክምና የሚሆን መጓጓዣ ከሁሉ በፊት ሊመዘን የሚገባው በሰዓቱ ነው። አሥር ደቂቃ ቢቀድም አይጎዳም፤ አርባ ደቂቃ ቢዘገይ ግን የቀኑን ሕክምና ያበላሻል።

በመጀመሪያው ሳምንት ኢንሹራንሴ ያዘዘልኝ ቫን ያበላሸው በዚሁ ነው። የኩባንያውን ስም አልጠቅስም፤ ብዙዎቹ የሚሠሩት በተመሳሳይ መንገድ እንደሆነ ከሌሎች ታካሚዎች ሰምቻለሁና። ቀጠሮዬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል፣ በአሜሪካ አቆጣጠር 10:30 ነበር። በሁለተኛው ቀን ቫኑ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ይደርሳል ተብዬ ስለነበር ሦስት ሰዓት ተኩል ሲል ውሃዬን ልጠጣ አሰብኩ፤ ስደውል «አሥር ደቂቃ ቀርቶታል» አሉኝ፤ አምኜ ጠጣሁ። ቫኑ የመጣው አራት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ውስጡ አንዲት የኩላሊት እጥበት ታካሚ እናት ተቀምጠዋል፤ መጀመሪያ እርሳቸውን ታኮማ ማድረስ ነበረበት። በጆርጂያ ጎዳና ላይ በየመብራቱ እየቆምን ስንወርድ እጄን ከወንበሩ መያዣ ላይ ማላቀቅ አቃተኝ። ሹፌሩ እንዲያቆምልኝ ስለምነው ከመንገድ ዝርዝሩ ውጪ መቆም እንደማይፈቀድለት ነገረኝ፤ ፊቴን በመስታወቱ ሲያይ ግን ነዳጅ ማደያ ገብቶ አቆመልኝ። በእርሱ አልፈርድም፤ ሰው ነው፤ ጥፋቱ ለሁለት የተለያዩ ሕመምተኞች አንድ መንገድ ያወጣው አሠራር ነው። ሆስፒታል የደረስኩት ዘግይቼና ፊኛዬ ባዶ ሆኖ ስለነበር እንደገና ጠጥቼ፣ እንደገና አንድ ሰዓት ጠብቄ፣ ተራዬም ወደ መጨረሻ ተገፍቶ ቤቴ የተመለስኩት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ እስከ ነዳጅ ማደያው እንኳ አልደረስኩም። ከዚያ በኋላ ያንን ቫን አልጠራሁም።

ሜትሮውን በምስጋና ነው የማነሳው። ከዊተን በቀዩ መስመር የሚሄደው ባቡር ከመኪናው መንገድ ይልቅ ሰዓቱ ይታመናል፤ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ፣ በሜትሮ ጣቢያዎች ውስጥ ለተሳፋሪ የሚከፈት ሽንት ቤት መኖሩ ነው። ምልክቱ በግልጽ ስለማይታይ የጣቢያውን ኃላፊ በኪዮስኩ ጠጋ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ስጠይቅ ፊቱን ያጠቆረብኝ ሠራተኛ አላጋጠመኝም። ያስቸገረኝ የዊተን ጣቢያ ኤስካሌተር ነው። 70 ሜትር ይረዝማል፤ በምዕራባዊው ንፍቀ ክበብ ካሉት ወጥ ኤስካሌተሮች ሁሉ ረጅሙ ይኸው ነው፤ ቆሞ ለሚወርድ ሰው ሦስት ደቂቃ ሊሞላው ምንም አይቀረውም። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልመሰለኝም። በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ዕለት ግን ከሆስፒታል ስመለስ፣ ከሥር ሆኜ ወደ ላይ ቀና ስል ጉልበቴ ከዳኝ፤ ሊፍቱ ጋ ሄጄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የጨረር ድካም በአንድ ጊዜ አይመጣም፤ ቀስ እያለ ይጠራቀምና ሰውነትን ያዝለዋል፤ ሕክምናው ካበቃ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ይቆያል። ብርቱ የሆነ ሰው አራቱንም ሳምንት በባቡር ሊዘልቀው ይችላል፤ እኔ ግን በሁለተኛው ሳምንት ላይ አቆምኩ።

የራሴን መኪና የነዳሁት ሁለት ቀን ብቻ ነው። ሐኪሜ ሽንቱ እንዲቀለኝ ያዘዘልኝ ታምሱሎሲን የተባለ መድኃኒት ከመቀመጫ ስነሳ ራሴን ያዞረኝ ነበር፤ ይህ የታወቀ የመድኃኒቱ ባሕርይ ነው። በዚያ ላይ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ እየተነሳሁ ስለማድር ቀን እንቅልፍ ይጫነኛል። በ495 አውራ ጎዳና ላይ ዓይኔ ለቅጽበት እንደተከደነ ያወቅኩት ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩምባ ሲነፋ ነው። ነገሩን ለሐኪሜ ስነግረው፣ ማዞርና እንቅልፍ እስካለ ድረስ መሪ እንዳልጨብጥ ነገረኝ፤ አዞረኝም ላላችሁ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው።

የሰፈሩ ልጅ ኡበር ይሠራል። ነገሩን ከባለቤቴ ሰምቶ «ጋሼ፣ እኔ እያለሁ ለምን ይቸገራሉ?» ብሎ በር አንኳኳ። ሁለት ቀን አደረሰኝ፤ እግዜር ይስጠው። ነገር ግን የጠዋቱ ሰዓት እርሱ ደህና ገንዘብ የሚያገኝበት ሰዓት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ገንዘብ ስሰጠው አይቀበልም፤ «መንገድ ላይ አቁምልኝ» ማለትም በልጅነቱ ፊት ከበደኝ። ይሉኝታ በእኛ ዘንድ መልካም ነገር ነው፤ በዚህ ሕመም ላይ ግን ሰውን በዝምታ ያሠቃያል። የገዛ ወገኔን ያፈርኩትን ያህል የማላውቃቸውን ሰዎች አለማፈሬ እኔንም አስገርሞኛል። ባለቤቴ በአረጋውያን መጦሪያ የጠዋት ፈረቃ ስለምትሠራ፣ ሥራዋን ለአራት ሳምንት ብትተው የቤታችን ኪራይ ይጎድላል፤ ስለዚህ እርሷንም አላስቸገርኩም።

ወደ ዋናው አገልግሎት ልመለስ። ስለ «ሮድ ቱ ሪከቨሪ» የነገረችኝ የሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር ናት። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር በ1913 የተመሠረተ ትልቅ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ በስልክ መስመሩ ሌሊትም ሆነ በበዓል ቀን ሰው ያነሳል፤ እንግሊዝኛ ለሚከብደውም በአስተርጓሚ ያነጋግራል። ስደውል የጠየቁኝ የመኖሪያ አድራሻዬን፣ የሕክምናውን ቦታ፣ የቀጠሮዎቼን ቀንና ሰዓት፣ እንዲሁም ያለ ሰው ድጋፍ መራመድና መኪና ውስጥ መግባት እችል እንደሆነ ነው። የገቢ መጠን አልጠየቁኝም። ኢንሹራንስ ይኑረኝ አይኑረኝም አልጠየቁኝም። ክፍያ የለውም። በጎ ፈቃደኞቹ ወደ አገልግሎቱ ከመግባታቸው በፊት የኋላ ታሪካቸው፣ መንጃ ፈቃዳቸውና የመኪና ኢንሹራንሳቸው ይጣራል፤ ሥልጠናም ይወስዳሉ። የታካሚዎች ጥያቄ በኢንተርኔት ይቀርብላቸውና የሚመቻቸውን ቀን ራሳቸው ይመርጣሉ። በመሆኑም ታካሚው የሚጓዘው ያንን መንገድ ወዶና ፈቅዶ ከመረጠ ሰው ጋር ነው፤ ይህ ልዩነት መኪናው ውስጥ ገና ሲገቡ ይታወቃል።

በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ የመጡት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ ተብዬ፣ አሥር ደቂቃ ሲቀረው መኪናቸው ደጃችን ቆሟል። ከመቀመጫዬ ላይ የነበረውን ቦርሳቸውን ወደ ኋላ እያሻገሩ በመጀመሪያ የጠየቁኝ «ውሃዎን ጠጥተዋል?» ብለው ነው። አለመጠጣቴን ስነግራቸው ደስ አላቸው። የእርሳቸው ባለቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንኑ ሕክምና ወስደው ኖሮ፣ አራት ሳምንት ሙሉ ያመላለሷቸው እርሳቸው ነበሩ። ከዚያ ልምድ ያገኙትን ምክር ሰጡኝ፤ ውሃውን ቤት ሳይሆን ሆስፒታል ደርሼ፣ ሽንት ቤት ከገባሁ በኋላ፣ መጠበቂያው ክፍል ተቀምጬ እንድጠጣ፤ ለዚህም አንድ ሰዓት ቀደም ብለን እንድንደርስ። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በቫንና በባቡር ስሠቃይ ግን ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ቫኑ በሰዓቱ ስለማይደርስ፣ ቢነገረኝም ልጠቀምበት አልችልም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪና ውስጥ ስገባ ፊኛዬ ባዶ ነው፤ 16 አውንሷን ጠርሙስ ተሸክሜ እሄዳለሁ፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ሲል መጠበቂያው ክፍል ሆኜ ክዳኗን እከፍታለሁ። ከዚያ በኋላ በፊኛ መጉደል ምክንያት የተመለስኩበት ቀን የለም።

ማሽኑ ራሱ የሚዘገይበት ቀን መኖሩ አይቀርም። ስለዚህ ስደርስ በመጀመሪያ ለእንግዳ ተቀባይዋ «ዛሬ በሰዓቱ እየሄዳችሁ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ሠላሳ ደቂቃ ዘግይተናል ካለችኝ ውሃውን በሠላሳ ደቂቃ አዘገየዋለሁ። መምህርቷ በዚያ ሁሉ ጊዜ በታችኛው አዳራሽ ተቀምጠው ሹራብ ይሠራሉ። ስወርድ ክሩን ሰብስበው ይነሳሉ፤ «ዛሬ እንዴት ነበር?» ይሉኛል፤ ከመለስኩላቸው ይሰማሉ፤ ካልመለስኩ ዝም ብለው ይነዳሉ። በመጨረሻው ሳምንት ሦስት ቀን የመጡት ሌላ ሰው ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ናቸው፤ ብዙም አያወሩም፤ በሰዓት ግን ከመምህርቷ አያንሱም። ለሁለቱም ገንዘብ አልሰጠሁም፤ አይጠበቅምም። በመጨረሻው ቀን ባለቤቴ ለመምህርቷ ድፎ ዳቦ ጋግራ ላከችላቸው፤ በሁለት እጃቸው ተቀብለው ትኩሱን ዳቦ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ሲያሸቱት አየሁ።

ስለ ምግብም መናገር አለብኝ፤ የእኛ ሰው በዚህ ሕክምና የሚቸገርበት አንዱ ምክንያት ገበታችን ነውና። ሕክምናዬ በዐቢይ ጾም ላይ ስለዋለ ሽሮ፣ ምስር፣ ክክና የባቄላ ስልጆ የዕለት ምግቤ ነበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ዓርብ ባለሙያዎቹ ምስሉን አይተው ከማሽኑ አስነሱኝ፤ አንጀቴ በአየር ተነፍቶ ፕሮስቴቱን ገፍቶታል፤ ኮሪደሩ ላይ ሃያ ደቂቃ ተራምጄ አየሩ ሲወጣልኝ ተመለስኩ። የምግብ ባለሙያዋ ምን እንደምበላ ስትጠይቀኝ ሽሮ የሽምብራ ዱቄት መሆኑን፣ ምስርና ባቄላም በየቀኑ ማዕድ ላይ እንደሚገኙ አስረዳኋት፤ እርሷም ሕክምናው እስኪያልቅ ጥራጥሬውን፣ ጎመኑንና ጥሬ ሽንኩርቱን እንድተው፣ በምትኩ ነጭ ሩዝ፣ የተቀቀለ ድንችና ካሮት እንዳዘወትር መከረችኝ። ቡናና ሚጥሚጣ ፊኛን ስለሚያስቆጡ ቡናውን ወደ አንድ ስኒ፣ ያውም ከሆስፒታል ከተመለስኩ በኋላ፣ ቀነስኩት። የጠዋቱን ውሃ በተመለከተ የንስሐ አባቴን አማከርኩ። እርሳቸውም ለሕመምተኛ ጾም እንደማይጸናበት፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚጠጣው ውሃ መድኃኒት እንደሆነ ነገሩኝ፤ በልቤ የነበረውም ሐሳብ ቀለለልኝ። ተመሳሳይ ነገር የሚያስጨንቀው ምእመን ቢኖር ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ከንስሐ አባቱ ጋር ቢነጋገር ይሻለዋል።

ከሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ጀምሮ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ሲወጣ ያቃጥላል፤ መጣ ሲልም ጊዜ አይሰጥም። ለመንገድ ሁለት ነገር ገዝቻለሁ። አንደኛው ክዳን ያለው የወንዶች የፕላስቲክ የሽንት መያዣ ነው፤ 32 አውንስ ይይዛል፤ በየፋርማሲው በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ ክዳኑ ጠብቆ የሚገጥም መሆኑን ሱቁ ውስጥ ከፍቶና ዘግቶ መፈተሽ ይገባል፤ መጀመሪያ የገዛሁት ስለማይገጥም ጥዬዋለሁ። ሁለተኛው ለወንዶች ተብሎ የተሠራ፣ ከውስጥ ሱሪ ጋር የሚለጠፍ ሽንት መምጠጫ ነው። ቀጭኑ ለመንገድ በቂ ነው፤ ወፍራሙ ሙቀት ይፈጥርና ቆዳን ያሳክካል። የሆርሞን መርፌም ስለምወስድ ድንገት የሚመጣ ላብና ሙቀት አለብኝ፤ ስለዚህ በክረምት ቅዝቃዜም ቢሆን በላይ በላይ የሚወልቅ ስስ ልብስ መደራረብ ለመኪና ጉዞ ይሻላል።

በቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ላይ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ እቆም ነበር። የልጅ ልጆቼን «አትቅረቡኝ» ብዬ በመጀመሪያው ሳምንት መራቄን ግን አሁን ሳስበው ያሳዝነኛል። ከውጭ በማሽን የሚሰጥ ጨረር ማሽኑ ሲጠፋ ያበቃል፤ በሰውነት ውስጥ የሚቀር ጨረር የለም፤ ሕፃን ማቀፍም፣ ከነፍሰ ጡር አጠገብ መቀመጥም፣ ከሰው ጋር በአንድ መኪና መጓዝም አያስፈራም። ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጨረር አመንጪ ፍሬዎች በዕጢው ውስጥ ለተቀበሩለት ታካሚ ነው፤ እርሱ የአውሮፕላን ማረፊያ መፈተሻ ሊጮህበት ስለሚችል ከሐኪሙ የሚሰጠውን ካርድ መያዝ አለበት። እኔ ለፋሲካ አዲስ አበባ ልገባ ትኬት ቆርጬ ነበር። ሐኪሜ ሕክምናውን በመሃል ማቋረጥ ውጤቱን እንደሚጎዳ፣ ቀን ቢታለፍም በመጨረሻው ላይ ተጨምሮ እንደሚካካስ ነግሮኝ ጉዞውን አስተላለፍኩ። ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ አሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ የሚበር አውሮፕላን ውስጥ ሕክምናው ባበቃ ማግስት መቀመጥም ጥበብ አይደለም፤ የፊኛው ቁጣ እስኪበርድ ጥቂት ሳምንታት መጠበቅና የመተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር አስቀድሞ መያዝ ይሻላል።

የአገልግሎቱን ወሰን ሳልናገር ባልፍ አንባቢን አሳስታለሁ። ሹፌሮቹ በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ በየአካባቢው ያለው ቁጥራቸው ይለያያል፤ ማኅበሩ ራሱ ሹፌር እንደሚገኝ ዋስትና አይሰጥም። ጥያቄው ጥቂት የሥራ ቀናት ቀደም ብሎ መግባት አለበት፤ ለነገ ጠዋት ዛሬ ማታ ተደውሎ የሚገኝ ነገር አይደለም። በሦስተኛው ሳምንት የማሽኑ ጥገና ቀጠሮዬን በድንገት ወደ ማታ ባዞረው ቀን በሰፈሩ ልጅ መኪና የሄድኩት ለዚህ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ወይም ሰው ደግፎ ለሚያነሳው ታካሚም አገልግሎቱ አይሆንም። እንዲህ ላለው ሰው በዋሽንግተን አካባቢ ሜትሮ አክሰስ የተባለው መጓጓዣ አለ፤ ነገር ግን ማመልከቻው ታይቶ ውሳኔ እስኪሰጥ ሃያ አንድ ቀን ሊወስድ ስለሚችል፣ ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ማመልከት ለአራት ሳምንት ሕክምና ብዙም አይጠቅምም።

የቀጠሮው ብዛት ራሱ ለመጓጓዣ ምርጫ ይወስናል። ቀደም ባሉት ዓመታት ይህ ሕክምና ስምንት ሳምንት ገደማ ይፈጅ ነበር፤ ከ3,000 በላይ ወንዶች የተሳተፉበት የብሪታንያ ጥናት ውጤት በ2016 ከታተመ ወዲህ፣ 60 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረርን በ20 ቀን ከፍሎ መስጠት ረጅሙን ሕክምና ያህል እንደሚሠራ ታወቀ። ለአንዳንድ ታካሚ አምስት ቀጠሮ ብቻ የሚበቃበት አሠራርም አለ። ስለዚህ ሐኪምን «ለእኔ ሁኔታ ስንት ቀን ይበቃል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ መልሱ አምስት ጊዜ መመላለስ ወይም ሃያ ጊዜ መመላለስ ማለት ሊሆን ይችላልና።

ለረጅም ዓመታት በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበር የምናውቅ ሰዎች፣ ከጎንደርና ከሐረር ተነስቶ በአዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሳምንታት የሚጠብቅ ሕመምተኛ ምን እንደሚያልፍ እናስታውሳለን። የእኔን የአርባ ደቂቃ መንገድ ከዚያ ጋር አላወዳድርም። በዲሲ አካባቢ ያሉት አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶቻችን ግን ለለቅሶና ለሠርግ ሃምሳ መኪና በአንድ ቀን ያሰልፋሉ፤ ለጨረር ታካሚ አንድ መኪና ለ20 ቀን ማቆም አያቅታቸውም። የሚያግደው ሕመሙ አለመነገሩ ነው። በዚህ አገር ከስምንት ወንዶች አንዱ በሕይወት ዘመኑ የፕሮስቴት ካንሰር ይገኝበታል፤ ከጥቁር ወንዶች ግን ከስድስቱ አንዱ ነው፤ በሕመሙ የመሞት ዕድላቸውም ከነጮቹ እጥፍ ይሆናል። ለዚህም ነው ለእኛ ከ45 ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ስለ ፒኤስኤ የደም ምርመራ ከሐኪም ጋር መነጋገር የሚመከረው። የእኔም የተገኘው በዚያ ምርመራ ነው፤ ምንም አያመኝም ነበር።

ለ«ሮድ ቱ ሪከቨሪ» ከአምስት ነጥቦች ውስጥ አራት ተኩል እሰጣለሁ። የቀነስኩት ግማሽ ነጥብ ለመራመድ የሚቸገሩትን ስለማያካትት ነው፤ በሰዓት አክባሪነትና በአክብሮት ረገድ የምቀንሰው የለኝም። መጠቀም የሚፈልግ ሰው ሲቲ ስካኑ ተነስቶ የሕክምናው ቀን በተነገረው ዕለት ይደውል፤ ከዚያ ቀን እስከ መጀመሪያው ጨረር ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ስለሚኖር፣ የቀጠሮዎቹን ዝርዝር ወረቀት ከእንግዳ ተቀባይዋ ተቀብሎ፣ ሁሉንም ቀናት በአንድ ጊዜ ቢያስመዘግብ ሹፌር የማግኘት ዕድሉ ይሰፋል። የሚመዘገበውም የጨረሩ ሰዓት ሳይሆን አንድ ሰዓት ቀድሞ የሚደረስበት ሰዓት ይሁን። እኔ የደወልኩት በሕክምናዬ በአራተኛው ቀን፣ ከዚያ ቫን በኋላ ነበር።